ቀበሌ የሌለው ምክር ቤት፦ የኪርያት ጋት ተመራጭ ምን ይችላል?

በኪርያት ጋት፣ በአሮጌው የግሊክሰን ሰፈር የመንገድ መብራት ሲጠፋ ነዋሪው ስልኩን አንሥቶ 106 ይደውላል። ቁጥሩ የማዘጋጃ ቤቱ የጥሪ ማዕከል ነው፤ ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101 እንደሆነ ሁሉ ይህም በመላ እስራኤል የታወቀ ነው። ስልኩን የሚያነሣው ተቀጣሪ እንጂ ተመራጭ አይደለም። ይኸው መብራት በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ቢጠፋ ግን ነዋሪው ሌላ በር አለው። ከተማዋ በትንንሽ የምርጫ ክልሎች የተከፋፈለች ስለሆነች የእሱን ሰፈር ወክለው የተመረጡ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት የምክር ቤት አባላት አሉ፤ ስማቸውም ስልካቸውም ይታወቃል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰዉ ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ ብዙዎች ዛሬም «ቀበሌ» የሚሉት ቤት ማለት ነው። ኪርያት ጋት ምክር ቤት አላት፣ ተመራጮችም አሏት፤ ከእነሱ መካከል «የዚህ መንገድ ሰው እኔ ነኝ» ብሎ በሕግ ሊናገር የሚችል ግን የለም።

ልዩነቱ የአሠራር ዝርዝር ይመስላል። ሆኖም ማን ወደ ምክር ቤት እንደሚገባ፣ ከገባ በኋላ ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደሚታደስ የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው። በከተማዋ ለሚኖሩት በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ደግሞ ውጤቱ ከማንም በላይ ይታያል። ለምን እንደሆነ ለማየት ከከተማዋ አፈጣጠር መነሣት ይሻላል።

ኪርያት ጋት የተቆረቆረችው በ1955 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሬቱ ከ1948ቱ ጦርነት በፊት ዒራቅ አል-መንሺያ የሚባል የአረብ መንደር ነበረበት፤ ነዋሪዎቹ በ1949 ከተኩስ አቁም ስምምነቱ በኋላ ለቀው ወጡ። ከተማዋ ብቻዋን የተወለደች አይደለችም። ሎቫ ኤልያቭ በሚባለው ባለሥልጣን መሪነት የላኺሽ አካባቢ ሲታቀድ፣ ዙሪያውን የእርሻ መንደሮች፣ መሀል ላይ ደግሞ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱንና ፋብሪካውን የምትይዝ ከተማ እንድትሆን ተወጠነች። መጀመሪያ የሰፈሩት ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እንዲህ ያለችው ከተማ በእስራኤል «የልማት ከተማ» ትባላለች፤ መንግሥት ድንበሩንና ባዶውን ስፍራ ለመሙላት፣ አዲስ መጤውንም ለማስፈር ሆን ብሎ የመሠረታት ማለት ነው። የከተማነት ማዕረግ ያገኘችው በ1972 ሲሆን ዛሬ ከ60 ሺሕ በላይ ሰው ይኖርባታል።

የኑሮው መሠረት መጀመሪያ ስኳርና ጨርቅ ነበር፤ የሱጋት ስኳር ማጣሪያና የፖልጋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ጨርቁ በርካሽ የውጭ ምርት ተሸንፎ ሲዳከም ቦታውን የያዘው ኢንቴል ነው። ኩባንያው በከተማዋ ያቋቋመው የመጀመሪያ የቺፕ ፋብሪካ በ1999፣ ፋብ 28 የሚባለው ሁለተኛው በ2008 ሥራ ጀመረ፤ ለሁለቱም መንግሥት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ድጎማ ሰጥቷል። ይህ ጉዳይ ከምክር ቤቱ ጋር ምን እንዳገናኘው ገንዘቡ ላይ ስንደርስ ይታያል።

ኢትዮጵያውያኑ የመጡት በሁለት ታላላቅ ማዕበሎች ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ 8 ሺሕ ሰው፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺሕ በላይ ሰው ገባ። የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ በካራቫን፣ ማለትም በተንቀሳቃሽ ቤቶች፣ ሰፈር ቆይተዋል። በ1990ዎቹ መንግሥት ልዩ የቤት መግዣ ብድር ሰጣቸው፤ አብዛኛው የብድሩ ክፍል ወደ ስጦታ የሚለወጥ ነበር። ዕቅዱ ቤተሰቦቹ በአገሪቱ መሀል ባሉ ብዙ ከተሞች ተሰባጥረው እንዲኖሩ ነበር። ነገር ግን የብድሩ መጠን የሚበቃው ለርካሽ ቤት ብቻ ነው፤ ርካሽ ቤት ደግሞ የሚገኘው በጥቂት ከተሞች አሮጌ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ዘመድም ወደ ዘመዱ ይሳባል። ስለዚህ ይሰባጠራል የተባለው ሕዝብ በሬሖቮት፣ በነታንያ፣ በኪርያት ማላኺ፣ በኪርያት ጋት በተወሰኑ ጎዳናዎች ተከማቸ። ይህ ክምችት በምርጫ ክልል በተከፋፈለች ከተማ ውስጥ ቢሆን በቀጥታ ወደ መቀመጫ ይለወጥ ነበር፤ ሰፈሩ የራሱን ሰው ይልካልና። በኪርያት ጋት ግን መንገዱ ጠማማ ነው።

የእስራኤል የማዘጋጃ ቤት ሕግ መነሻው እንግሊዝ ናት። ፍልስጤም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ሳለች በ1934 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ድንጋጌ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል። ምክር ቤቱ፣ ኮሚቴዎቹ፣ የገንዘብ ያዡና የኦዲተሩ ሥልጣን ከዚያ የተወረሰ ነው። የሰፈር ውክልናው ግን አብሮ አልተወረሰም። በምርጫው ረገድ እስራኤል የያዘችው ለክነሴት፣ ማለትም ለፓርላማዋ፣ የምትጠቀምበትን ዘዴ ነው፤ ከተማው በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ይሆናል፣ መራጩ ለሰው ሳይሆን ለዝርዝር ድምፅ ይሰጣል፣ መቀመጫው በድምፁ መጠን ይከፋፈላል።

በምርጫ ቀን መራጩ ወደ ቃልፒ ይገባል፤ ቃልፒ የምርጫ ጣቢያውም የድምፅ ሣጥኑም መጠሪያ ነው። እዚያ ሁለት ወረቀት ይመርጣል። ቢጫው ለከንቲባው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ነው። እስከ 1978 ድረስ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር፤ በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1978ቱ ምርጫ ጀምሮ ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ቢያንስ 40 በመቶ ድምፅ ያላገኘ እጩ በመጀመሪያው ዙር አያሸንፍም፤ ሁለቱ ብዙ ድምፅ ያገኙት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ። የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት ነው። በ2023 መጸው ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በጋዛው ጦርነት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተላልፎ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የካቲት 2024 ላይ ተካሄደ።

ነጩ ወረቀት እንዴት ወደ መቀመጫ እንደሚለወጥ በቁጥር ማየቱ ይረዳል። ለምሳሌ ያህል 15 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት 22,500 ትክክለኛ ድምፅ ተሰጠ እንበል። ድምፁ ለመቀመጫው ሲካፈል 1,500 ይደርሳል፤ ይህ የአንድ መቀመጫ ዋጋ ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን ማለፊያ የዚህ ዋጋ ሦስት አራተኛ ያደርገዋል፤ በምሳሌያችን 1,125 ማለት ነው። 1,100 ድምፅ ያገኘ ዝርዝር ምንም አያገኝም፤ ድምፁም እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። አንድ ማኅበረሰብ 1,800 መራጭ ቢኖረውና በአንድ ዝርዝር ቢሰለፍ ቢያንስ አንድ ሰው ያስገባል። ሁለት ተፎካካሪ ዝርዝር አቅርቦ 900 በ900 ቢከፈል ግን ባዶ እጁን ይወጣል። ማለፊያውን የተሻገሩ ዝርዝሮች ከምርጫው በፊት የትርፍ ድምፅ ስምምነት ተፈራርመው ከሆነ የተረፋቸውን ድምፅ አዳምረው አንድ ተጨማሪ መቀመጫ ለማግኘት ይችላሉ፤ ካልተሻገሩ ስምምነቱ ወረቀት ብቻ ነው።

የማኅበረሰቡ ፖለቲካ የሚወሰነው እዚህ ስሌት ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የራስን ዝርዝር ማቅረብ ሲሆን፣ አደጋው አሁን ያየነው መከፋፈል ነው። ጎንደሬውና ትግሬው፣ ቀድሞ የመጣውና ዘግይቶ የመጣው፣ በዕድሜ የገፋው ሽማግሌና ዕብራይስጥ ቋንቋው የሆነው ወጣት በአንድ ስም ሥር ለመሰለፍ የሚከብዳቸው ጊዜ አለ። ሁለተኛው መንገድ ትልቅ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው፤ እንደ ሊኩድና ሻስ ያሉ አገር አቀፍ ፓርቲዎች ወይም የከንቲባው የግል ዝርዝር። ዝርዝሩ ዝግ ስለሆነ መራጩ ተራውን መቀየር አይችልም። ከላይ ያሉት ሦስት ወይም አራት ስሞች ይገባሉ፤ የኢትዮጵያዊው ስም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ቀጥሎ ወይም ከዚያ በታች ይሰፍራል። ያ ቦታ ድምፅ ይስባል፣ መቀመጫ ግን አያረጋግጥም። በዝርዝር ላይ ፎቶግራፍ ማየትና ምክር ቤት ውስጥ ሰው ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የምርጫ ማግሥት ያሳያል።

በዚህ መሀል አንድ ሙያ ተፈጥሯል። በዕብራይስጥ «ካብላን ቆሎት» ይሉታል፤ የድምፅ ተቋራጭ ማለት ነው። በቤተሰብ፣ በጸሎት ቤት ወይም በአካባቢ ልጅነት ብዙ ሰው የሚሰማው ግለሰብ ለአንድ እጩ ድምፅ አመጣለሁ ብሎ ይዋዋላል፤ ዋጋው ሥራ፣ ሹመት ወይም ለድርጅቱ ድጎማ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የሰፈር ተወካይ በሌለበት ከተማ ሁሉ በቀላሉ ይበቅላል። ሕጋዊ መሸጋገሪያ ሲጠፋ ሰዉ የራሱን ይሠራል። እጩዎች በምርጫው ሰሞን ልቅሶና ሠርግ የማያልፋቸው፣ ሽማግሌዎችንም ደጋግመው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ስሌት ይጀምራል። ከንቲባው በቀጥታ ስለተመረጠ ወንበሩ አይነቃነቅም፤ ምክር ቤቱ ግን በብዙ ትንንሽ ዝርዝሮች ይሞላል። ቢጫው ወረቀት አንዱን፣ ነጩ ሌላውን ስለሚመርጥ የከንቲባው ዝርዝር ብቻውን አብላጫ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጀት ለማጸደቅ አብላጫ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጥምረት ይመሠርታል። የሚከፍለው በሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የደመወዝተኛ ምክትል ከንቲባ ቦታ ሲሆን ቁጥሩ በከተማው ሕዝብ ብዛት በሕግ የተወሰነ ነው። ሁለተኛው «ቲቅ» የሚሉት የኃላፊነት ዘርፍ ነው፤ ትምህርት፣ ስፖርት፣ የአዲስ መጤዎች ጉዳይና የመሳሰለው። ሦስተኛው በኮሚቴዎችና በማዘጋጃ ቤቱ ኩባንያዎች ቦርድ ውስጥ ወንበር ነው።

ተራ የምክር ቤት አባል በእስራኤል ደመወዝ የለውም። በእንግሊዝ ተመራጩ መጠነኛ የዓመት አበል ያገኛል፤ እዚህ ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው። መደበኛ ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ ነው፣ ኮሚቴዎቹም ምሽት ላይ ይሰበሰባሉ። በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ በጥበቃ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ የሚተዳደር ሰው ይህን ጊዜ ከየት እንደሚያመጣ መጠየቅ ይገባል። ጠበቃ፣ ነጋዴና የሠራተኛ ማኅበር ሰው በምክር ቤቶች ውስጥ የሚበዙት በከፊል ለዚህ ነው። የሚከፈለውን የምክትልነት ቦታ ወይም ጠቃሚ ዘርፍ የሚሰጠው ከንቲባው ስለሆነ፣ አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው አባል ከጥምረቱ ውጭ ሆኖ አምስት ዓመት መናገር ይችላል፤ መፈጸም ግን ይቸግረዋል። ኪርያት ጋት አቪራም ዳሃሪ ከ2003 እስከ 2024 ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል በከንቲባነት የመሯት ከተማ ናት። አንድ ሰው እንዲህ ሲቆይ ጥምረቱን የሚያውቀው፣ የሚያዋቅረውም እሱ ይሆናል። ከእሳቸው በፊት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከንቲባ የነበሩት ዜኤቭ ቦይም ወደ ክነሴት ገብተው ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል፤ የከንቲባነት ወንበር በእስራኤል የብሔራዊ ፖለቲካ መወጣጫም መሆኑን ያሳያል።

ታዲያ ምክር ቤቱ ምን ይወስናል? በወረቀት ላይ ትልቁ ሥልጣኑ አርኖና ነው። አርኖና ማዘጋጃ ቤቱ በየካሬ ሜትሩ ከቤትና ከሥራ ቦታ የሚሰበስበው ዓመታዊ ግብር ነው፤ የሚከፍለው ባለቤቱ ሳይሆን በቦታው የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ሰው ነው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ የአርኖናውን ትእዛዝ ያጸድቃል። ነገር ግን ጭማሪው አገር አቀፍ ቀመርን ተከትሎ በራሱ የሚስተካከል ነው፤ ከዚያ ለመውጣት የአገር ውስጥና የገንዘብ ሚኒስትሮች ፊርማ ያስፈልጋል። ስለዚህ እጅ የሚወጣለት ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ኢየሩሳሌም ላይ ያለቀ ነው። ምክር ቤቱ የሚተነፍስበት ቦታ የቅናሽ ኮሚቴው ነው። አዲስ መጤ በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ለ12 ወር እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ያገኛል፤ ይህ በደንብ የተጻፈ ነው። በሕመም ወይም በድንገተኛ ችግር የወደቀ ሰው ግን ማመልከቻና ማስረጃ አቅርቦ በኮሚቴው ይታይለታል፤ ኮሚቴው እስከ 70 በመቶ ሊቀንስለት ይችላል። ተመራጮችም ስለሚቀመጡበት ለአንድ ቤተሰብ ኑሮ ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚቀርበው ይህ ክፍል ነው።

የአርኖናው ጥልቅ ትርጉም ግን ሌላ ነው። የንግድና የፋብሪካ አርኖና በካሬ ሜትር ከመኖሪያ ቤቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፋብሪካ ደግሞ መዋእለ ሕፃናት አይጠይቅም፣ የሚጦር ሽማግሌም የለውም። አንድ ቤተሰብ የሚከፍለው አርኖና በአንጻሩ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለቆሻሻው፣ ለመናፈሻው የሚወጣውን ወጪ አይሸፍንም። በማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ስንመለከተው እያንዳንዱ አዲስ መኖሪያ ቤት ኪሳራ፣ እያንዳንዱ አዲስ ፋብሪካ ትርፍ ነው። ለዚህ ነው ከተሞች ኢንዱስትሪን የሚሻሙት፣ ቤት ሥሩ ሲባሉም የሚያመነቱት። ክነሴት በ2023 ከንግድ አርኖና የተወሰነውን ሰብስቦ ቤት ለሚሠሩ ከተሞች የሚሰጥ ፈንድ ሲያቋቁም የከተሞች አድማ የተነሣው ይህንኑ ሚዛን ስለሚነካ ነው። ኢንቴል ለኪርያት ጋት ምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል፤ የሥራ ቦታው ለመላው ደቡብ ሲሆን አርኖናው ግን ለከተማዋ ነው።

ገንዘብ ያነሰው ከተማ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪ የሚሸፈነው በመጋራት ነው፤ ከ100 ሼቄል 75ቱን መንግሥት፣ 25ቱን ማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል። 25ቱን ማቅረብ ያልቻለ ከተማ 75ቱንም አያገኝም። ስለዚህ ብዙ ችግረኛ ያለበት ከተማ፣ አርኖናው ያነሰውም እሱው፣ ለችግረኛው የሚሆነውን የመንግሥት ገንዘብ መሳብ ይሳነዋል። ከሀብታም ከተማ ጋር ያለው ልዩነት እንዲህ እየሰፋ ይሄዳል። የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ለደከሙ ከተሞች የማመጣጠኛ ድጎማ ይሰጣል፤ ጉድለቱ ሲበዛ ደግሞ ከራሱ የተመደበ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ይልክና ክፍያው ሁሉ በእሱ ፊርማ እንዲወጣ ያደርጋል። እንዲያ በሆነ ከተማ ተመራጩ ቃል የገባውን የወጣት ማእከል የሚያጸድቀው የመረጠው ሕዝብ የማያውቀው ሒሳብ ባለሙያ ነው።

ሰዎች ከተመራጩ የሚጠብቁት ብዙ ነገር በእጁ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚቀጥረው መንግሥት ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃው፣ የጽዳቱና የጽሕፈት ሥራው ኃላፊ፣ የመዋእለ ሕፃናቱ ረዳቶችም ቀጣሪ ነው። ፖሊስ የአገሪቱ ነው። የአውቶቡስ መስመር የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው። ውሃና ፍሳሽ ከ2001ዱ ሕግ በኋላ ወደ ልዩ ኩባንያዎች ተላልፏል። ሆስፒታል በከተማዋ የለም፤ በሽተኛው ወደ አሽቀሎን፣ ወደ ቤርሼባ ወይም ወደ ሬሖቮት ይወሰዳል።

ማዘጋጃ ቤቱ በትምህርት ላይ ያለው እውነተኛ ኃይል የምዝገባ ክልሉ ነው፤ የትኛው መንገድ ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚለየው መስመር። ሰፈር ውስጥ አንድ ማኅበረሰብ ከተከማቸ፣ መስመሩም ሰፈሩን ከተከተለ፣ ክፍሉ የሰፈሩን መልክ ይይዛል። መስመሩ ሲለወጥ ልጆች ይቀላቀላሉ፤ ነገር ግን የሌላው ሰፈር ወላጆች ይቃወማሉ፣ እነሱም መራጮች ናቸው። ውሳኔው የሚያልፈው ከምክር ቤቱ መድረክ ይልቅ በትምህርት ክፍሉና በትምህርት ሚኒስቴር መካከል ስለሆነ፣ የኮሚቴው አባል ያልሆነ ተመራጭ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ግንባታ ነው። ኪርያት ጋት በ2013 ከመንግሥት ጋር «የጣራ ስምምነት» የተባለውን ውል ከፈረሙት ከተሞች ቀዳሚዋ ናት። የውሉ አሠራር ከላይ ያየነውን የሒሳብ ችግር ለመፍታት የተዘጋጀ ነው። ከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ፈቃድ ባጭር ጊዜ ትሰጣለች፤ መንግሥት በበኩሉ ከመሬቱ ሽያጭ ገንዘብ ወስዶ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና መዋእለ ሕፃናቱን ነዋሪው ከመግባቱ በፊት ይሠራል። በዚህ ውል ካርሜይ ጋት የሚባለው ሰፈር በሰሜን በኩል ከባዶ ሜዳ ተነሣ። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ጥቃት የተረፉት የኒር ዖዝ ኪቡጽ ነዋሪዎች በ2024 መጀመሪያ በጊዜያዊነት የሰፈሩት እዚሁ ነው፤ በቂ አዲስና ባዶ ቤት በአንድ ቦታ የተገኘው እዚያ ስለነበር።

አዲሱ ሰፈር ለከተማዋ ዕድገት ነው። ለአሮጌዎቹ ሰፈሮች ያለው ትርጉም ግን በምርጫው ስሌት በኩል ይመጣል። ከተማው አንድ የምርጫ ክልል ነው ብለናል፤ ስለዚህ በካርሜይ ጋት የገቡት መራጮች በቁጥራቸው ልክ የግሊክሰንን ድርሻ ያሳንሳሉ። የአንድ መቀመጫ ዋጋ በድምፅ ሲሰላ ከፍ ይላል፤ ትናንት ማለፊያውን የተሻገረ የማኅበረሰብ ዝርዝር በዚያው ድምፅ ነገ ላይሻገር ይችላል። ሰፈር ሰፈሩን ቢመርጥ ኖሮ ለአዲሱ ሰፈር አዲስ መቀመጫ ይጨመር ነበር፤ የአሮጌው ተወካይ ግን ባልጠፋ ነበር።

የአሮጌ ሰፈር ጉዳይ በኪርያት ጋት የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከጋዛ በሮኬት ርቀት ውስጥ ናት፤ ሳይረን ሲጮኽ ለመጠለል ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ቤቶች «ማማድ» የሚባል በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ ክፍል አላቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ባለሦስትና ባለአራት ፎቅ ብሎኮች የላቸውም፤ ነዋሪው ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መጠለያ መሮጥ አለበት። መጠለያው ንጹሕ፣ መብራት ያለውና በሩ ሳይቸግር የሚከፈት እንዲሆን የማድረግ ግዴታ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ብሎኮቹን አፍርሶ በትልቅ ሕንፃ የመተካት ዕቅድ ለችግሩ መፍትሔ ይሆናል፤ ግን ዕቅዱ በአካባቢ የፕላን ኮሚቴና በወረዳ ኮሚቴ ያልፋል፣ ዓመታት ይወስዳል፣ የቤት ባለቤቶች ፊርማም ይሻል። በአሚዳር፣ ማለትም በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ኩባንያ ሥር ያለ ተከራይ ፈራሚ አይደለም፤ ባለቤቱ ኩባንያው ነውና። በእነዚህ ብሎኮች ውስጥ የሚኖሩ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው፣ የዕብራይስጥ ደብዳቤ የሚያነብላቸውም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ፍርድ መስጠት ይቻላል። የኪርያት ጋት የምክር ቤት አባል በሕግ ደካማ፣ በጥምረት ጠንካራ የሆነ ሰው ነው። ኃይሉ የሚመነጨው ከመረጠው መንገድ ሳይሆን ለከንቲባው ከሚያስፈልገው እጅ ነው። አንድ ማኅበረሰብ አንድ ሰው ማስገባቱ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው፤ ያ ሰው በፋይናንስ ወይም በፕላን ኮሚቴ ካልተቀመጠ የአዲስ መጤዎች ዘርፍ ተሰጥቶት የኢትዮጵያ አይሁዳውያን በዓል በሆነው በስግድ ንግግር አቅራቢ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስግድ ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ያ ንግግር ክብር አለው፤ መጠለያ አይጠግንም እንጂ። በእኔ ግምት የአሠራሩ ትልቁ ጉድለት የተመራጮቹ ማንነት ሳይሆን የሰፈር ውክልና አለመኖሩ ነው። ኢየሩሳሌም በየሰፈሩ ማኅበረሰባዊ አስተዳደር የሚሉት አካል አላት፤ ሙሉ ሥልጣን ባይኖረውም ለሰፈሩ ጉዳይ አድራሻ ነው። ኪርያት ጋትን በምታህል ከተማ ይህን ክፍተት የሚሞላው በከፊል ማትናስ፣ ማለትም የሕዝብ ማእከሉ፣ በከፊል ደግሞ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሁለቱም አልተመረጡም።

የሰፈር ውክልና ባይኖርም ሕጉ ክፍት ያደረጋቸው በሮች አሉ። የምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ ማንም ሊገባበት የሚችል ነው፤ ቃለ ጉባኤውም ይታተማል። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ከከንቲባው ዝርዝር መሆን አይችልም፤ ስለ መጠለያም ሆነ ስለ ምዝገባ ክልል ጥያቄ ያለው ሰው በጽሑፍ ሊያቀርብለት ይችላል። ለአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ለክነሴት 18 ነው። ዜግነት የሌለው ቋሚ ነዋሪም ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። የመራጮች መዝገብ የሚዘጋጀው በሕዝብ መዝገብ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው፤ ወደ ኪርያት ጋት ተዛውሮ አድራሻውን በአገር ውስጥ ሚኒስቴር ያላስለወጠ ሰው ድምፁ የሚቆጠረው በቀድሞ ከተማው ነው።